ማስታወቂያው ሲጮህ፣ ማሲንቆው ሲጠፋ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ትናንሽ ስቱዲዮዎች የላውድነስ አለካክ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አምባሰል በማሲንቆ እየተንቆረቆረ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ እንዳይውጠው ሾፌሩ ቮልዩሙን ከፍ አድርጎታል። ዜማው አልቆ የሶፋ መሸጫ ማስታወቂያ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ «ኧረ ቀንሰው!» ይላል። ሁለቱን ፋይሎች ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቷቸው ግን ፒካቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም ዜሮ ዲቢን (ዲጂታል ድምፅ የማያልፈውን ጣሪያ) ሊነኩ ትንሽ ነው የቀራቸው።

ስሕተቱ ፒክን የጩኸት መለኪያ ማድረግ ነው። ፒክ የሞገዱ ጫፍ ነው፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጆሮ ጩኸትን የሚፈርደው በቆይታ በተጠራቀመው ጉልበት ነው። በኮምፕረሰርና በሊሚተር (የጮኸውን ዝቅ በሚያደርጉና ጫፉን በሚቆርጡ መሣሪያዎች) የተጨመቀ ማስታወቂያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይውላል፤ ማሲንቆው ጣሪያውን የሚነካው አልፎ አልፎ፣ ቀስቱ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የምንለካው ላውድነስን (ጆሮ የሚሰማውን ጩኸት) እንጂ ፒክን አይደለም። ፒክ የሚያስፈልገን ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ለመጠበቅ ብቻ ነው።

ሚተሩ ምን ይሰማል?

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ቢኤስ 1770 የተባለውን የአለካክ ስልት አወጣ። ዛሬ በየሶፍትዌሩ የምታዩት የላውድነስ ሚተር አብዛኛው የሚሠራው በእሱ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ኬ በሚባል ማጣሪያ ያልፋል፦ ከ100 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ጉርምርምታ እየተቀነሰ ይሄዳል፣ ከ2 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለው ደግሞ ወደ 4 ዲቢ ይነሣል። ከዚያ ጉልበቱ በ400 ሚሊ ሰከንድ ቁርጥራጭ እየተለካ አማካዩ ይወጣል። መለኪያው ኤልዩኤፍኤስ ነው፤ ባለሙያው ባጭሩ «ላፍስ» ይለዋል። በአሜሪካ ሰነዶች ኤልኬኤፍኤስ ተብሎ ብታገኙት ያው ነው። ልዩነት የሚለካው በኤልዩ ነው፤ የ1 ኤልዩ ልዩነት የ1 ዲቢ ልዩነት ማለት ነው፤ ይህ ሒሳቡን ያቀልላል።

ሚተሩ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ሞመንተሪ የመጨረሻዎቹን 400 ሚሊ ሰከንዶች፣ ሾርት ተርም የመጨረሻዎቹን 3 ሰከንዶች፣ ኢንተግሬትድ ደግሞ ሙሉውን ሥራ ያሳያል። ጣቢያ ወይም መድረክ «ይህን ያህል ይሁን» ሲል የሚያወራው ስለ ኢንተግሬትድ ነው። ኢንተግሬትድ በር አለው፦ ከ−70 ላፍስ በታች ያለውን ጸጥታ ከነአካቴው አይቆጥርም፤ ከቀረው አማካይ ደግሞ ከ10 ኤልዩ በላይ ዝቅ ያለውን ይጥላል። ይህ በር ወደ ኋላ መንዙማው ላይ ጉድ ስለሚያመጣ ልብ በሉት።

ግቡ ስንት ነው? የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አር 128 ግቡን −23 ላፍስ አደረገው፤ የተፈቀደው ስሕተት 0.5 ኤልዩ፣ ለቀጥታ ሥርጭት 1 ኤልዩ፣ የትሩ ፒክ (የሞገዱ እውነተኛ ጫፍ) ጣሪያ −1 ዲቢ ነው። አሜሪካኖች −24ን ይዘዋል፤ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ የሚያስገድደው ሕጋቸው የጸናው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ነው። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ የሚያጫውቱት በ−14 አካባቢ፣ አፕል ለፖድካስት የሚመክረው −16 ነው። ሥራውን የምትልኩለት ጣቢያ የራሱ ቁጥር ካለው ክርክር የለም፣ የእሱን ያዙ። ቁጥር ካልሰጣችሁ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን −23ን ብትይዙ አትሳሳቱም።

መጀመሪያ ሚተሩን ፈትኑት

የተሳሳተ ሚተር ከሌለ ሚተር ይብሳል። ነፃውን የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ኦዳሲቲን ክፈቱና የ1000 ኸርዝ ሳይን ቶን (አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ) በአምፕሊቲዩድ 0.0708 አመንጩ፤ ይህ −23 ዲቢ ነው። ሁለቱም ቻናል ላይ አድርጋችሁ በስቴሪዮ አውጡትና በሚተራችሁ ለኩት፤ ዩሊን ላውድነስ ሚተር ነፃው ዓይነትም ይበቃል። ንባቡ −23 መሆን አለበት። አንዱን ቻናል ብታጠፉት −26 ያነብባል። ይህ የ3 ኤልዩ ልዩነት የሚተሩ ስሕተት አይደለም፤ አንድ ስፒከር ከሁለት ስፒከር ግማሽ ጉልበት ስላለው ነው።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ነገር አለ። በአንድ ማይክ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ ግራ ቻናል ላይ ብቻ ገብቶ ይመጣል። እንዲሁ ከለካችሁት 3 ኤልዩ አንሶ ይታያችኋል፤ ስታነሡት ደግሞ የግራው ጆሮ ብቻ ይጮኻል፤ የቀኝ ስፒከሩ ብቻ የሚሠራ ባጃጅ ውስጥ ያለው ሰው ምንም አይሰማም። መጀመሪያ ወደ ሞኖ ቀይሩት፣ ከዚያ ለኩ። ኦዳሲቲ የላውድነስ ማስተካከያው ውስጥ ሞኖን እንደ ሁለት ሞኖ የሚቆጥር ምልክት ማድረጊያ አለ፤ ምልክቱ መኖሩን ሳታዩ ኦኬ አትበሉ።

ሚተሩ ጨርሶ የማያየው ብልሽትም አለ። አንዱ የኤክስኤልአር ገመድ ዋልታው ተገልብጦ ከተበየደ ግራና ቀኝ ይቃረናሉ። በስቴሪዮ ሲሰማ ድምፁ የሰፋ ይመስላል፣ የላፍስ ቁጥሩም የእያንዳንዱን ቻናል ጉልበት ስለሚደምር ልክ ነው፤ በሞኖ ስፒከር ወይም በስልክ ሲከፈት ግን ተናጋሪው ብን ብሎ ይጠፋል። ማንኛውንም ሥራ ከመላካችሁ በፊት የሞኖ ቁልፉን ተጭናችሁ አንዴ ስሙት።

ሲቀዳ

በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት ቅዱ። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር። ጌይኑን (የማይኩን መግቢያ መጠን) ስታስተካክሉ ተናጋሪው የሚጮህበትን ቦታ አስነብቡት፤ ፒኩ ከ−12 እስከ −10 ዲቢ መካከል ቢቆም በቂ ነው። በ24 ቢት «አነሰ» የሚባል ሌቭል ኋላ ቢነሣ አይጎዳም፤ ሲቀዳ የተሰነጠቀ ግን መድኃኒት የለውም። አማርኛ ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ አሉት። እነዚህ ፊደሎች እንደ ፈንጂ የሚፈነዱ ስለሆኑ መርፌው ሳያሳይ ፒኩን ይነካሉ፤ ቦታ የምንተውላቸው ለዚህ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ስቱዲዮ ዝናቡን አብሮ ይቀዳል። ዝናቡ −45፣ ንግግሩ −23 ላይ ከሆነ በሩ ዝናቡን ስለሚጥለው ኢንተግሬትድ ቁጥሩ አይነካም፣ አድማጩም ብዙ አይረበሽም። ኮምፕረሰር ጭናችሁ በሜክአፕ ጌይን (ኮምፕረሰሩ የቀነሰውን በሚመልሰው ማንሻ) 10 ዲቢ ስታነሡ ግን ዝናቡም 10 ዲቢ ይነሣል፤ በየቃሉ መካከል ሹ... ሹ... እያለ ይተነፍሳል። መብራት ሄዶ በጄኔሬተር ስትሠሩም እንዲሁ ነው፦ የ50 ኸርዝ እምምታን የኬ ማጣሪያው ስለሚቀንሰው ሚተሩ ደህና ነው ይላችኋል፤ ትልቅ ስፒከር ያለው አድማጭ ግን ይሰማዋል። ከ70 እስከ 80 ኸርዝ በታች ያለውን ከንግግር ላይ ቁረጡ፤ የእምምታው የ100 ኸርዝ ቅሪት ካለ ገመዱንና ኧርዙን (የመሬት ሽቦውን) እንጂ ኢኪውን (የድግግሞሽ ማስተካከያውን) አታሳድዱ።

የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ለሬዲዮ

ሙዚቃውንና ድምፁን አዋህዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሙሉውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውታችሁ ኢንተግሬትዱን አንብቡ። ከመሀል ጀምራችሁ አትለኩ፤ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊትም ሚተሩን ዜሮ አድርጉት። አለበለዚያ የፊቱ ሥራ ቁጥር ከአሁኑ ጋር ተደባልቆ ያሳስታችኋል።

አንዱ ማስታወቂያ −9.2 ላፍስ አነበበ፣ ፒኩ −0.3 ነው እንበል። −23 ለማድረስ 13.8 ዲቢ መቀነስ አለበት፤ ፒኩ −14.1 ላይ ያርፋል። ሌላው ሳይጨመቅ የተሠራ ነው፦ −19 ላፍስ፣ ፒኩ −2። ይህ 4 ዲቢ ብቻ ይቀንሳል፣ ፒኩም −6 ላይ ይቀመጣል። አሁን ሁለቱም ጆሮ ላይ እኩል ይጮኻሉ፤ የመጀመሪያው ግን ለቃላቱ መፈንጃ የሚሆነው ቦታ በ8 ዲቢ አንሷል። ለዚህ ነው ተጨምቆ ተጨምቆ የመጣ ማስታወቂያ ደረጃውን በሚጠብቅ ጣቢያ ላይ ደንዝዞ፣ ጠፍጥፎ የሚሰማው። ደንበኛ «አስጩኸው» ሲላችሁ ይህን በጆሮው አሰሙት፤ በቃል አይገባውም።

ኦዳሲቲ ውስጥ ከኢፌክት ዝርዝር ቮልዩምና ኮምፕረሽን ሥር ያለውን ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ክፈቱ፣ −23 ጻፉ፣ ኦኬ። ይህ መሣሪያ ዝም ብሎ ሌቭሉን ያነሣል ወይም ያወርዳል እንጂ ፒክ አይገድብም። ወደ ታች ስትወርዱ ችግር የለውም። ወደ ላይ ስትወጡ ግን ፒኩ ዜሮን ሊያልፍ ይችላል፤ ኦዳሲቲ ውስጡ ሲሠራ አይሰነጠቅም፣ ወደ 16 ቢት ዌቭ ስታወጡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት ሊሚተር አስከትሉና እንደገና ለኩ፤ ሊሚተሩ ራሱ ላፍሱን ትንሽ ስለሚያወርደው 0.3 ወይም 0.5 ዲቢ መመለስ ይኖርባችሁ ይሆናል።

ኤፍኤፍኤምፔግን (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራውን የድምፅና የቪዲዮ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ላውድኖርም የተባለውን ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ አሂዱት። በመጀመሪያው ዙር ይለካል፤ በሁለተኛው ዙር የተለኩትን ቁጥሮች መልሳችሁ ስትሰጡት፣ ፒኩ ከጣሪያው፣ የሥራው የላውድነስ ስፋትም (ኤልአርኤ) ካዘዛችሁት ግብ እስካላለፈ ድረስ፣ እንዳለ በእኩል ያነሣል ወይም ያወርዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ካስኬዳችሁት እየተከተለ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ሙዚቃውም ይዋዥቃል፤ በዚያ ላይ ፋይሉን በ192 ኪሎ ኸርዝ ሊያወጣው ስለሚችል የናሙና መጠኑን 48 ብላችሁ በግልጽ እዘዙት።

አጭር ማስታወቂያ ላይ ማታለልም ይቻላል፦ 25 ሰከንድ አንሾካሹኮ በ5 ሰከንድ መጮህ። ኢንተግሬትዱ −23 ሆኖ ይወጣል፣ መጨረሻው ግን ጆሮ ይበጥሳል። አር 128 ለዚህ ተጨማሪ ገደብ አለው፤ በአጭር ሥራ ላይ የሾርት ተርሙ ከፍተኛ ንባብ −18ን ማለፍ የለበትም።

«ጣቢያው እንዲጎላልኝ በጣም አስጩኼ ልላክ» የሚል ካለ ልፋቱ በከንቱ ነው። ኤፍኤም ትራንስሚተር የሞገዱን ድግግሞሽ ከ75 ኪሎ ኸርዝ በላይ ማወዛወዝ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ከፊቱ የሚቀመጠው ፕሮሰሰር የገባውን ሁሉ ራሱ ጨምቆ ያስተካክላል። የተጨመቀ ነገር እንደገና ሲጨመቅ የሚተርፈው ሽውታ ነው። ከዚህም ሌላ ኤፍኤም ከማስተላለፉ በፊት ከፍተኛ ድግግሞሾችን ስለሚያጎላ ሰ እና ሸ መጀመሪያ የሚሻክሩት እነሱ ናቸው። ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ መካከል በዲኤሰር (የሰ እና የሸን ሽውታ በሚቀንስ መሣሪያ) 3 ወይም 4 ዲቢ ማርገብ ለአየር የሚሄድን ድምፅ ከማስጮህ ይልቅ ይጠቅመዋል።

መንዙማ

የወሎ መንዙማ የሚተሩ ፈተና ነው። መሪው ለብቻው፣ በእርጋታ ይጀምራል፤ ተቀባዮቹ ይገባሉ፤ ድቤው ይከተላል፤ ጭብጨባው ይሞቃል። መጀመሪያው −30፣ መጨረሻው −15 ሾርት ተርም ቢያነብብ አይገርምም።

በሩን አስታውሱ። አማካዩ −18 አካባቢ ከሆነ ከ−28 በታች ያለው መግቢያ ጭራሽ አይቆጠርም። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ወደ −16 ብታነሡት መግቢያው −28 ላይ ይቀራል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው የመሪውን የመጀመሪያ ስንኞች ሳይሰማ ያልፋል። ኮምፕረሰር እዚህ ላይ አይፈውስም፤ የመሪውን ትንፋሽና የክፍሉን ድምፅ ጎትቶ ያመጣል። የቮልዩም መስመሩን በእጅ ሥሩት፦ መግቢያውን 5 ወይም 6 ዲቢ አንሡ፣ ድቤው እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ 6 ዲቢ ቢወርድ ማንም አያውቅም። ሙቀቱ ግን እንዳለ ይቆይ፣ መንዙማውን መንዙማ ያደረገው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ድቤው ነው። ጉልበቱ ያለው ታች በመሆኑ የኬ ማጣሪያው አሳንሶ ያየዋል፤ ፒኩን ግን ሙሉ በሙሉ ይበላል። ጭብጨባው ደግሞ ስለታም ነው። ቅጂው −29 ላፍስ፣ ትሩ ፒኩ −7 ነው እንበል። −16 ለማድረስ 13 ዲቢ ስታነሡ ፒኩ +6 ይሆናል፤ ጣሪያው −1 ከሆነ ማስተሩ (ድምፁ ሁሉ ተዋሕዶ የሚወጣበት መስመር) ላይ ያለው ሊሚተር 7 ዲቢ መቁረጥ አለበት። ይህን ያህል ሲቆርጥ ድቤው በተመታ ቁጥር የመሪው ድምፅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

መፍትሔው ሸክሙን ማከፋፈል ነው፤ ለዚህም ድቤውን፣ ጭብጨባውንና ተቀባዮቹን፣ መሪውን በየራሳቸው ማይክ መቅዳት ያስፈልጋል። ከድቤው ላይ ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ ከዚያ 3 ለ 1 በሆነ ኮምፕረሰር፣ አታክ (መጨመቅ እስኪጀምር ያለው ጊዜ) ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊዝ (እስኪለቅ ያለው ጊዜ) 100 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ 4 ዲቢ ያህል አርግቡት። አታኩን ከዚህ ብታፈጥኑት ምቱ ይሞታል፣ ድቤው ካርቶን ይመስላል። ጭብጨባው ላይ ለብቻው ሊሚተር አድርጋችሁ 4 ዲቢ ቁረጡ። ማስተሩ ላይ 3 ዲቢ ብቻ ይቀራል፣ እሱም አይሰማም።

በአንድ ስልክ የተቀዳ ብቻ ካለ? −16ን አትመኙ። −18 ወይም −19 ላይ ተዉት፤ አድማጩ ቮልዩም ማንሣት ይችላል፣ የተቀጠቀጠውን ግን መመለስ አይችልም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ያለበት ቅጂም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ጸናጽሉ የጭብጨባውን ቦታ ይይዛል።

ለዩቲዩብና ለፍላሽ

ዩቲዩብ ከ−14 በላይ የጮኸውን ያወርዳል፤ ያነሰውን አያነሣም። ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ክሊክ ተጫኑና ስታትስ ፎር ነርድስ የሚለውን ክፈቱ። ኮንቴንት ላውድነስ አጠገብ 5 ዲቢ ካለ ሥራችሁ በ5 ዲቢ ተቀንሶ ነው የሚሰማው፤ ከፊቱ የሚታየው መቶኛም 56 አካባቢ ይሆናል። የጨመቃችሁበት ልፋት ሁሉ ወደ ታች ተመልሷል፤ የቀረው የተሰባበረው ጫፍ ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ከሆነ አልተነካም።

ፍላሽ ላይ ወይም ሚሞሪ ላይ የሚዞር ኤምፒ3 የሚያስተካክለው የለም። እዚህ −14 ገደማ ይዛችሁ፣ በአንድ አልበም ውስጥ ያሉትን ትራኮች እርስ በርስ አቻችሏቸው፤ ሁሉንም አንድ ቁጥር ላይ ማድረግ ግን ስሕተት ነው፣ ትዝታ ከጭፈራ ዘፈን 2 ወይም 3 ኤልዩ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ተፈጥሮው ነው። ትሩ ፒኩ ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ። ትሩ ፒክ ከተራው ፒክ የሚለየው በናሙናዎቹ መካከል የሚወጣውን የሞገድ ጫፍ ጭምር በመገመቱ ነው፤ ተራው ሚተር −0.1 ሲል እውነተኛው ሞገድ ዜሮን አልፎ ሊሆን ይችላል። ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ደግሞ ሞገዱ ቅርጹ ስለሚለወጥ ፒኩ አንድ ዲቢ ያህል ተጨማሪ ሊነሣ ይችላል። ኤምፒ3 ለሚሆን ሥራ ጣሪያውን −1.5 ወይም −2 አድርጉ፣ ካወጣችሁት በኋላም ዌቩን ሳይሆን ኤምፒ3ውን ራሱን መልሳችሁ ለኩ።

አንድ ሥራ ሁለት ቦታ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ፋይል አውጡ፤ የሬዲዮውን በ−23 ዌቭ፣ የኢንተርኔቱን በ−14 ወይም በ−16። ቁጥሩን የፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፣ ለምሳሌ «ሶፋ ማስታወቂያ 30 ሰከንድ ከዜሮ በታች 23»። የጣቢያው ኦፕሬተር ፋይሉ «አነሰብኝ» ብሎ በፌደሩ (በድምፅ ማንሻው) እንዳያነሣው፣ እናንተም ከሦስት ወር በኋላ የትኛው የት እንደሚሄድ እንዳይጠፋባችሁ።